ኪት ካር ላይ ፍሬቻ የት ይቀመጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ የመኪና ኤሌክትሪክ እሰራለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋ የቮልስ ሻንሲ ላይ ፋይበር ቦዲ ጭነን አንድ ቡጊ (ክፍት የሆነ፣ ኋላው ሰፊ ጎማ ያለው ትንሽ መኪና) ከገጠምን ወዲህ ከደሴም ከዚህም የሚመጣው ጥያቄ ያው ስለሆነብኝ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ኪት ካር ስትል ምን ማለትህ ነው?

ቦዲው (አንዳንዴ ሻንሲውም) ተበታትኖ የሚሸጥ ወይ ራሳችሁ የምትሰሩት መኪና ነው፣ ሞተሩ ማርሹ ፍሬኑ ከሌላ መኪና ይወጣል። ቡጊውን አሜሪካዊው ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ማየርስ ማንክስ ብሎ በፋይበር ቦዲ ካወጣው በኋላ ነው አለም የቀዳው። እንግሊዞቹ ደግሞ ሎተስ ሰቨን የሚመስለውን ይወዳሉ፣ አፍንጫው ጠባብ ሆኖ የፊት ጎማዎቹ ውጭ የቀሩ።

ፋብሪካ የሰራው መኪና የፍሬቻው ቦታ ተቀርፆ ይመጣል፣ የተሰበረውን አውጥታችሁ ሌላ ትከታላችሁ በቃ። እዚህ ግን ቀዳዳውን የምትበሱት እናንተ ናችሁ፣ ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስንት ፍሬቻ ያስፈልጋል?

ስድስት። ፊት ሁለት፣ ኋላ ሁለት፣ ግራና ቀኝ ጎን ላይ አንዳንድ። "የድሮ መኪና'ኮ የጎን የለውም" የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ ልክ ነው የለውም፣ ግን ደሴ ፒያሳ ላይ ባጃጅ በጎናችሁ ተለጥፎ ሲሄድ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬቻችሁን አያየውም፣ የጎኑ ለሱ ነው። ከነዚህ ሌላ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ፍሬቻው መስራቱን የሚያሳይ መብራት ያስፈልጋል፣ ስድስቱንም ባንድ ማብሪያ የሚያበራ ሀዛርድም እንደዛው።

ቀለሙስ? ቀይ ይሆናል ወይ?

ብርቱካናማ ቢጫ። ፊትም ጎንም ኋላም። አሜሪካ ለራሷ ገበያ የምትሰራቸው መኪኖች ላይ ኋላ ቀይ ፍሬቻ ይፈቀዳል፣ ከዛ የመጣ መኪና እዚህም ስለሚታይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቀይ ፍሬቻ ከፍሬን መብራት ጋ ይምታታል፣ ከኋላ ያለው ሰው ልትታጠፉ ነው ወይስ ፍሬን እየነካካችሁ ነው የሚለውን እስኪያጣራ ደርሶባችኋል። ነጭ መስታወት ያለው ፍሬቻ ከገዛችሁ ውስጡ ብርቱካናማ አምፑል ይግባበት፣ ወሳኙ የሚወጣው ብርሃን ነው።

ይሄ ልኬት ከየት የመጣ ነው? እኛ አገርስ ይሰራል?

ከታች የምጠራቸው ቁጥሮች የተባበሩት መንግስታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 ላይ ያሉ ናቸው፣ የአውሮፓና የጃፓን ፋብሪካዎች መብራት የሚያስቀምጡት በሱ ነው። እንግሊዝ አገር ቤቱ መኪና የሰራ ሰው ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይቪኤ የሚባል የነጠላ መኪና ምርመራ አለበት፣ መርማሪው ሜትር ይዞ ነው የሚጠብቀው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም በሞተር ሳይሆን እንደዚህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

እኛ ጋ ምርመራውና ምዝገባው የሚሄደው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፣ መንገድ ላይ ደግሞ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ አለ። ቦዲ መቀየር ከሊብሬው ጋ የሚያያዝ ጉዳይ ስለሆነ ፋይበሩን ሳትበሱ በፊት ስእሉን ከነልኬቱ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ፣ የመጨረሻው ቃል የመርማሪው ነው። እኔ ግን በጠበቀው ልክ ሰርቶ መሄድን እመርጣለሁ፣ ሜትር ይዞ የመጣ መርማሪም ቢሆን አያስደነግጠኝም።

ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል?

የመብራቱ የታችኛው ጠርዝ ከ35 ሳንቲም አይነስ፣ የላይኛው ከ1 ሜትር ከ50 አይብለጥ። የሚለካው መኪናው ባዶ ሆኖ ደልዳላ ቦታ ላይ ነው፣ ጎማውን በደንብ ነፍታችሁ። የመኪናው ቅርፅ ጭራሽ የማይፈቅድ ከሆነ የፊትና የኋላው እስከ 2 ሜትር ከ10 ይፈቀዳል፣ ግን ኪት ካር ላይ የሁልጊዜ ችግር መዝቀጥ ነው እንጂ ከፍታ አይደለም።

35 ይፈቀዳል ማለት 35 ጥሩ ነው ማለት አይደለም። መብራቱ ወደ ላይ 15 ዲግሪ ድረስ መታየት አለበት ነው የሚለው ደንቡ። እስቲ አስሉት፣ ፍሬቻው 50 ሳንቲም ላይ ቢሆንና የከባድ መኪና ሹፌር አይን 2 ሜትር ተኩል ላይ ቢሆን በ15 ዲግሪ መስመር ለመግባት 7 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለበት፣ ከዛ ከቀረበ ማየቱ ዋስትና የለውም። ኮምቦልቻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ ባቲ ወደ ሚሌ የሚወርድ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ ስለዚህ እኔ ከ60 እስከ 80 ሳንቲም ባለው ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ከመኪናው ዳር ስንት ይግባ? በሁለቱ መሀልስ?

ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው። የመብራቱ የውጭ ጠርዝ ከመኪናው የመጨረሻ ዳር ከ40 ሳንቲም በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። በግራና በቀኙ መሀል ያለው ርቀት ደግሞ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳንቲም፣ መኪናው ራሱ ከ1 ሜትር ከ30 የጠበበ ከሆነ 40 ይበቃል። ጠርዝ የምለው ብርሃኑ የሚወጣበትን ፊት ነው፣ የላስቲክ ክፈፉን አይደለም፣ ብሎኑንም አይደለም።

"የመኪናው ዳር" ሲባል ደግሞ ቦዲው አይደለም፣ ከመኪናው ከሁሉ ወጥቶ የሚገኘው ነው። ስፔኪዮ አይቆጠርም፣ የጎን ፍሬቻው ራሱ አይቆጠርም፣ ጎማው መሬት ጋ የሚያብጠው አይቆጠርም፣ ግን ሰፊው የኋላ ጎማችሁና ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ይቆጠራል። የኛ ቡጊ ኋላው 1 ሜትር ከ60 ነው፣ ግማሹ 80፣ ስለዚህ የፍሬቻው የውጭ ጠርዝ ከመሀል መስመሩ ቢያንስ 40 ሳንቲም መውጣት አለበት ማለት ነው። አፍንጫው ግን በጠቅላላው 70 ሳንቲም ነው! መጀመሪያ ስንሰራ አፍንጫው ጥግ ላይ ከመሀል 35 ላይ ቆንጆ አድርገን ቀበርነው፣ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን፣ ከዛ አንዱ ጓደኛችን ሜትር አመጣና ከዳር 45 ሳንቲም ገብቷል አለን። ሁለት ቀዳዳ በፋይበርና በስቱኮ ደፈንን፣ አሁንም ፀሀይ ሲያርፍበት ምልክቱ ይታያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱምቢ ይዛችሁ ከሰፊው ጎማ ውጭ ወደ መሬት ጣሉ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ በሌላኛውም ጎን እንደዛው፣ ከሁለቱ መስመር ወደ ውስጥ 40 ለኩ። ከዛ በኋላ ነው ስለ ቁንጅና የምታወሩት።

የጎን ፍሬቻ የቱ ጋ ነው?

ከመኪናው ፊት ጫፍ ጀምሮ በ1 ሜትር ከ80 ውስጥ፣ ካልተቻለ እስከ 2 ሜትር ተኩል። ከፍታው ለትንሽ መኪና ያው ከ35 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር ከ50። ስፔኪዮ ላይ ያለ ፍሬቻም ይሆናል፣ ልኬቱ ውስጥ እስከገባ ድረስ።

የጎኑ ስራ ወደ ኋላ መታየት ነው። ከመኪናው ጎን ጋ ትይዩ ከሆነው መስመር ከ5 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ወደ ኋላ ምንም ሳይጋርደው መታየት አለበት። 5 ዲግሪ ማለት በየሜትሩ 9 ሳንቲም ያህል መውጣት ነው፣ ስለዚህ የኋላ ጎማው ከፍሬቻው 2 ሜትር ኋላ ካለ፣ ጎማው ከፍሬቻው ከ17 ሳንቲም በላይ ወጥቶ ከተገኘ ይጋርደዋል። ቡጊ ላይ ይሄ የተለመደ ነው፣ መሀሉ ጠባብ ኋላው ሰፊ ስለሆነ። መፍትሄው የጎኑን ፍሬቻ ከጎማው ከፍታ በላይ ማውጣት ነው ወይ ደግሞ የፊት ፓራፋንጎው ከመሪው ጋ የማይዞር ከሆነ ውጨኛው ላይ መግጠም።

ፊት ለፊት ቆሜ አየዋለሁ፣ አይበቃም?

አይበቃም። የፊትና የኋላ ፍሬቻ ወደ ውጭ 80 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ 45 ዲግሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች 15 15 መታየት አለበት (ከ75 ሳንቲም በታች ከተገጠመ ወደ ታች 5 ይበቃል)። 80 ዲግሪ ማለት ከሞላ ጎደል ከጎን ነው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ሰው ማለት ነው።

በቤት የሚለካበት ዘዴ አለ፣ ገንዘብ አያስወጣም። ወፍራም ካርቶን ላይ በተማሪ ፕሮትራክተር 80ንና 45ን አውጥታችሁ ቁረጡት፣ ጫፉን መብራቱ ላይ አድርጉ፣ በካርቶኑ ጠርዝ ሲባጎ ወጥሩ። ሲባጎው ጎማ፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት ወይም ፓራውልት ከነካ እዛ ጋ ተጋርዷል። ሂሳቡን ለሚወድ፣ 80 ዲግሪው ላይ ወደ ጎን 40 ሳንቲም ስትሄዱ ወደ ፊት 7 ሳንቲም ብቻ ነው የምታገኙት፣ ስለዚህ ከፍሬቻው 40 ሳንቲም ውጭ ያለ ጎማ ከፍሬቻው ከ7 ሳንቲም በላይ ወደ ፊት ወጥቶ በዛው ከፍታ ላይ ካለ አለቀ። ባለ ጠባብ አፍንጫዎቹ ሁሌ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ሲባጎውን ስትወጥሩ መሪውን ወደ ሁለቱም በኩል እስከመጨረሻው አዙራችሁ እዩ፣ የታጠፈ ጎማ የሚይዘው ቦታ ሌላ ነው።

ከፊት መብራቱ አጠገብ ብለጥፈውስ?

ይቻላል ግን ዋጋ አለው። የፊት መብራት በርቶ ሳለ አጠገቡ ያለች ፍሬቻ ትዋጣለች። ስለዚህ ተራ ፍሬቻ ከዝቅተኛው የፊት መብራት ቢያንስ 4 ሳንቲም ይራቅ፣ ከ4 ካነሰ የበለጠ ብሩህ የሆነውን፣ ከ2 ሳንቲም ካነሰ ደግሞ ከሁሉም ብሩህ የሆነውን አይነት ይፈልጋል፣ የዚህኛው ብርሃን ከተራው ከእጥፍ ይበልጣል። ቦታ ካላችሁ ራቁ፣ አትጨቃጨቁ።

ገበያ ላይ ያለው የትኛው ይሻላል?

መስታወቱ ላይ የተቀረፀውን አንብቡ። ክብ ውስጥ "ኢ" ፊደልና ቁጥር ካለ ተፈትኗል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ፈቃድ የሰጠውን አገር ነው የሚነግራችሁ፣ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 11 እንግሊዝ፣ 43 ጃፓን። አጠገቡ ያለው ደግሞ አይነቱ ነው፣ በ1 የሚጀምረው የፊት፣ በ2 የሚጀምረው የኋላ፣ 5 የጎን። የፊቱን ኋላ መግጠም ብዙ አይቻለሁ፣ ማታ ላይ ከኋላ ያለውን ሹፌር አይን ያጠፋል። ምንም ምልክት የሌላትን የሞተር ሳይክል ትንሽ ፍሬቻ ለመኪና አትግዙ፣ ታምራለች እንጂ ቀን ላይ አትታይም።

ኤልኢዲ ካስገባሁ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ለምን?

ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ መብራት አለበት፣ ጥሩው 90 አካባቢ ነው። በስልካችሁ 30 ሰከንድ ያዙና ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ። ተራው አምፑል 21 ዋት ነው፣ ኤልኢዲው ግን ጥቂት ዋት ብቻ፣ ስለዚህ ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያበራ የሚያጠፋው ዕቃ) አምፑል የተቃጠለ መስሎት ነው የሚፈጥነው።

አንዳንዱ እንደ ተራው አምፑል ከረንት እንዲበላለት ሬዚስተር ያስገባል፣ 6 ኦም የሆነው 12 ቮልት ላይ 24 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ ፋይበር ላይ ለጥፎት የተቃጠለበት ልጅ አውቃለሁ። ከግድ ካስገባችሁ ብረት ላይ በብሎን እሰሩት። የሚሻለው የኤልኢዲ ፍላሸር መግዛት ነው። ከኢሱዙ ያወጣችሁትን እንዳትሞክሩ፣ 24 ቮልት ነው፣ በተቃራኒው ደግሞ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሰሩ ብዙ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ ከድሮው የወጣ ፍላሸርና አምፑል ከ12 ባትሪ ጋ አይሄድም።

ሀረጎ ላይ ጉም ሲሆን ሁሉንም ፍሬቻ አብርቼ ልንዳ?

ኧረ ተዉ። ሀዛርድ ለቆመ ወይ ለተበላሸ መኪና ነው። አብርታችሁ ስትነዱ ግራ ልትታጠፉ ብትፈልጉ እንዴት ልታሳዩ ነው? ከደሴ ቁልቁል ስትወርዱ በዛ ጥምዝ ሁሉ ላይ ከኋላችሁ ያለው ቆማችኋል ብሎ ሊደርብ ይችላል። ለጉም ዝቅተኛውን የፊት መብራትና የኋላ የጉም መብራት። ስትገጥሙት ግን ሀዛርዱ ቁልፍ ወጥቶም እንዲሰራ በቀጥታ ከባትሪ በፊውዝ አምጡት፣ ሞተሩ የሞተ ቀን ነው የሚፈለገው።

ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ምን ነክቶት ነው?

ማሳ (የኔጋቲቭ መመለሻው) ነው። መቶ ጊዜ ብትጠይቁኝ ዘጠና ዘጠኙን ማሳ ነው የምላችሁ። የብረት ቦዲ ያለው መኪና ላይ መብራቱን በብሎን ስታስሩት ኔጋቲቩን ራሱ ከቦዲው ያገኛል፣ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ የፍሬን መብራቱ ከረንት መውጫ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፑል ዞሮ ይወጣል፣ በዚህ ጊዜ ነው ፍሬቻው የሚፈዘው፣ ወይ ግራ ስታበሩ የኋላ ፓርኪንጉ የሚያጣቅሰው።

ከእያንዳንዱ መብራት የራሱ የማሳ ሽቦ አውጥታችሁ ሻንሲው ላይ አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁት፣ ብሎኑን አጥብቃችሁ ግሪስ ቀቡት ዝገት እንዳይበላው፣ ከዛ ሻንሲውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋ በወፍራም ሽቦ። ለማጣራት ቴስተር ካላችሁ መብራቱን አብርታችሁ በመብራቱ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መሀል ለኩ፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገድ ላይ የላላ አለ። ቴስተር ከሌለ አንድ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ አምጥታችሁ መብራቱ ማሳ ላይ ንኩ፣ ከተስተካከለ አገኛችሁት።

ማሳው ሁሉ ደህና ነው፣ ግን ግራ ሳበራ ቀኙም አብሮ ይላል። አበድኩ።

አብሽሩ፣ ክሩስኮቱ ላይ አንድ የፍሬቻ ምልክት መብራት ብቻ ነው ያላችሁ አይደል? የድሮው አሰራር ትንሿን አምፑል በግራና በቀኝ ሽቦ መሀል ያገናኛታል፣ ግራ ሲበራ ማሳዋን በቀኙ አምፑል በኩል ታገኛለች። የቀኙ 21 ዋት ስለሆነ በዛች ትንሽ ከረንት አይበራም። ኤልኢዲ ስታስገቡ ግን ለሱ ያቺው ትንሽ ከረንት ትበቃዋለች፣ ስለዚህ ሁሉም ይላሉ። ሁለት ዳዮድ (ከረንት ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ግዙ፣ አንዱን ከግራው ሽቦ ወደ ምልክቱ፣ ሌላውን ከቀኙ ወደ ምልክቱ፣ የምልክቱን ሌላኛ ጫፍ ማሳ አድርጉት፣ ያልቃል።

ስኮርት ጎማው የኋላውን ይጋርደዋል፣ ወይ ኮፈኑ ላይ ብገጥመውስ?

ስኮርቱን አዙሩት እንጂ ፍሬቻውን አትደብቁት፣ የውስጡ 45 ዲግሪ ላይ ነው የሚጋርደው፣ በካርቶኑ ለኩት። የሚከፈት ነገር ላይ መግጠም ግን አልወድም፣ የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ ሞተር ስታዩ ፍሬቻው ወደ ሰማይ ነው የሚያየው፣ ልክ በተበላሻችሁበት ሰአት። ደግሞ ሽቦው በመከፈት በመዘጋት ይቆረጣል። ከመሪው ጋ የሚዞር የፊት ፓራፋንጎ ላይም እንደዛው፣ ጎማው ሲታጠፍ መብራቱም አብሮ ይዞራል።

አፍንጫው ጠባብ ነው፣ ከዳር 40 ሳንቲም ልደርስ አልቻልኩም። ምን ይሻላል?

እኛም መጨረሻ ላይ ያደረግነው የፊት መብራቱን የያዘችውን ዘንግ ወደ ውጭ ማስረዘም ነው። ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ቱቦ ብረት አወጣን፣ ጫፉ ላይ ፍሬቻው፣ የውጭ ጠርዙ ከመሀል 43 ሳንቲም፣ መብራቱ 6 ሳንቲም ስፋት ስላለው የውስጥ ጠርዙ 37 ላይ ዋለ፣ በሁለቱ መሀል 74 ማለት ነው፣ ሁለቱንም ልኬት አለፈ። ወደ ፊትም ትንሽ ገፋ ስላደረግነው ጎማው 80 ዲግሪውን አልነካበትም።

ቱቦው ጫፉ ሹል እንዳይሆን፣ ሰው ሊነካው የሚችል ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ በ2 ሚሊ ተኩል ሬዲየስ የተጠጋጋ መሆን አለበት፣ አውሮፓም የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። ሽቦውን በቱቦው ውስጥ አሳልፉት፣ መግቢያው ላይ ላስቲክ አድርጉ፣ ያለዛ የፋይበሩና የብረቱ ጠርዝ በንዝረት ሽቦውን ይበላዋል። የኛን የበላው በሁለት ወር ነው፣ ሀይቅ ደርሰን ስንመለስ።